የካንዳን ወንዝ ተከትለን

"እዚህ ጋ ቆም በሉ" አለን ልጄ። ለመቆም ሞከርን፤ አልተቻለም። ከኋላችን የሚጎርፈው ሕዝብ አይጋፋም፣ አይቆጣም፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ በግራና በቀኝ ተከፍሎ ያልፋል። እኛ ግን ወራጅ ውኃ መካከል እንደ ተቸነከረ እንጨት ሆንን። በመጨረሻ የልጅ ልጄ የኮቴን እጅጌ ይዛ ወደ አንድ ምሰሶ ሥር ጎተተችኝ።

ቦታው ቶኪዮ ነው፤ ሺንጁኩ የሚባለው የባቡር ጣቢያ የምዕራብ መውጫ፣ ከመሬት በታች ያለው ሰፊ ቦታ። በዚህ ጣቢያ በቀን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይተላለፋል ይባላል።

"ይህ ድሮ አደባባይ ነበር፤ አሁን መተላለፊያ ነው" አለኝ ልጄ። ልዩነቱ አልገባኝም። አስረዳኝ።

እ.ኤ.አ. በ1969 የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ጊታር ይዘው እዚህ ይሰበሰቡ ጀመር። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ በጁን ወር በሺዎች ሆኑ። ከሥራ ወደ ቤቱ የሚጣደፈው ሰው ቦርሳውን እንደ ያዘ ይቆማል፣ ግጥሙን ይለምዳል፣ አብሮ ያዜማል። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ክርክር ይጀመራል። በወሩ መጨረሻ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰባቸው። በጁላይ "የምዕራብ መውጫ አደባባይ" የሚለው ሰሌዳ ወርዶ "የምዕራብ መውጫ መተላለፊያ" የሚል ተሰቀለ። አደባባይ ላይ መቆም ይቻላል። መተላለፊያ ላይ የቆመ ግን መንገድ ዘግተሃል ተብሎ ይነሣል። ዘፈኑ በዚህ ዓይነት ቀረ።

ስንት ዓይነት ክልከላ ያየሁ ሰው ነኝ። ሰሌዳ ቀይሮ ዘፈን ማስቆም ግን አዲስ ሆነብኝ፤ ብልሃቱ አስገረመኝም፣ አናደደኝም።

ከዚሁ ጣቢያ በስተደቡብ የሚያልፈው ሰፊ መንገድ ኮሹ ካይዶ ይባላል። አበበ ቢቂላ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ማራቶኑን የሮጠው በዚያ መንገድ ነው። ያኔ እኔ የልጅ ልጄን ዕድሜ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ። ከጎረቤት ሬዲዮ ሥር ተሰብስበን መስማታችን ትዝ ይለኛል። ወጣቶቹ እዚህ ጊታር ይዘው የተቀመጡት ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። "እኛ የአበበን ከተማ ነው የምናውቀው፤ ይህኛውን ማንም አልነገረንም" አልኩት።

"ለዚህ ነው ያመጣሁዎት" አለኝ።

ቶኪዮ የሄድኩት እሱን ለመጠየቅ ነበር፤ በኅዳር ወር። አሥራ አራት ዓመት ኖሮባታል፣ ወልዶባታል። የልጅ ልጄ ጃፓንኛው አፍ መፍቻዋ ነው፤ አማርኛዋ እየተንገዳገደም ቢሆን ይሄዳል። አባቷ "እርስዎ" ይለኛል፤ እሷ "አንተ" ትለኛለች። ሲያርማት "ተዋት፣ ደስ ብሎኛል" አልኩት። በመጣሁ በአራተኛው ቀን ምን ማየት እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ተራራውንና ፈጣኑን ባቡር ጠራሁ። "እሱ ይደርሳል። አንድ ቀን ለእኔ ይስጡኝ፤ ዘፈን ነው የማሳይዎት" አለኝ። እንዴት ይታያል ብዬ አልጠየቅኩትም። ዘፈን በእኔና በእሱ መካከል ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የማይነሣ ነገር ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በ1992 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የማትሪክ ፈተና ደርሶበታል። ከሠፈር ልጅ አንድ ያገለገለ ጊታር ገዝቶ መጣ። ማታ ማታ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የፍቅር ዘፈን ያንጎራጉራል። እኔ የ1966ቱ ሰው ነኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጎዳና ላይ ስንዘምር ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነበር። "እኛ ስንዘምር አገር ይናወጥ ነበር፤ አንተ ስለ ዓይኗ ታላዝናለህ" አልኩት። ፈተናው ሰበብ ነበር፤ የከፋኝ የዘፈኑ ልስላሴ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳለ ጊታሩን ሸጥኩት። ሲመለስ ምንም አላለም። ፈተናውንም በደንብ አለፈ። እነሆ መሐንዲስ ሆኖ ቶኪዮ ይኖራል። ጎረቤቶቼ "አባትህ ደግ ሠራ" ይሉታል፤ እሱ ፈገግ ይላል።

ከሺንጁኩ ብርቱካናማ መስመር ባለው ባቡር ወደ ምዕራብ ስንሄድ ነገሩን ከሥሩ ጀመረልኝ። ጃፓኖች "ፎኩ" ሲሉ የገጠሩን ዘፈን ማለታቸው አይደለም፤ ለሱ ሚንዮ የሚባል ሌላ ስም አላቸው። ፎኩ ከአሜሪካ በሸክላ የመጣ፣ በአንድ ጊታር የሚዘፈን፣ ተማሪዎች የራሳቸውን ቋንቋ አልብሰው የወሰዱት ነው። ከነዚህ አንዱ ኦካባያሺ ኖቡያሱ ይባላል (እዚያ አገር የቤተሰብ ስም ይቀድማል)። የፓስተር ልጅ ነው፤ እሱም ሥነ መለኮት ጀምሮ አቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሳንያ በሚባለው የቶኪዮ ሠፈር ስለሚኖሩ የቀን ሠራተኞች ዘፈነ። ተማሪው "የፎልክ አምላክ" አለው። ሰውን አምላክ ሲሉት መጨረሻው አያምርም፤ እሱም መረረውና መድረኩን ትቶ ገጠር ገብቶ እርሻ ያዘ።

ኪቺጆጂ ወረድን። ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄደው ኢኖካሺራ የሚባለውን መናፈሻ ያገኙታል፤ እ.ኤ.አ. በ1917 የተከፈተ ነው። ትልቅ ኩሬ አለው። የኅዳር ወር ስለሆነ ዛፎቹ ቀይና ቢጫ ሆነው ኩሬው ላይ ተደፍተዋል፤ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ኩሬው በስተምሥራቅ እየጠበበ ሄዶ አንድ ቀጭን ውኃ ይወጣዋል። የካንዳ ወንዝ ይህ ነው። ድንጋዮች ተደርድረውበታል፤ የልጅ ልጄ በሁለት ዝላይ ተሻገረችው። "አባባ፣ ወንዙን ዘለልኩት፤ አንተስ?" አለችኝ። እኔ በልጄ ትከሻ ተደግፌ በአራት እርምጃ። ያው ውኃ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማውን አቋርጦ ሱሚዳ ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ይገባል።

በዚህ ሠፈር ታካዳ ዋታሩ የሚባል ዘፋኝ ይኖር ነበር። ከመናፈሻው አጠገብ ኢሴያ የሚባል የዶሮ ጥብስ ቤት አለ፤ ከሰሉ ከመንገድ ይሸታል። ታካዳ የዚህ ቤት ደንበኛ ነበር። ገና በሃያ ዓመቱ ገደማ ወጣቱ ሁሉ ለጃፓን ጦር እንዲመዘገብ የሚጋብዝ ዘፈን አወጣ፤ ግብዣው ሽሙጥ ነው፣ ከላይ ምስጋና ከሥር ስድብ፣ እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው ዓይነት። ጦሩ ወርቁን ሳያይ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ለምልመላ እንጠቀምበት ብሎ ጠይቆት ነበር ተብሎ ይነገራል። ኋላ ጓደኞቹ ትልልቅ አዳራሽ ሲገቡ እሱ በትንንሽ ቤቶች የድሆችን ኑሮ የሚናገሩ ግጥሞችን ረጋ ባለ ድምፅ እያዜመ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሆካይዶ ለዝግጅት ሄዶ ሳለ ታሞ እዚያው አረፈ። ልጄ የታካዳን ዘፈን በስልኩ አሰማኝ። ድምፁ የአጎት ድምፅ ነው። ቃሉ ባይገባኝም ሰውዬው የተቀመጠ፣ የማይቸኩል ሰው መሆኑ ይሰማል።

የልጅ ልጄ በዚያው ወደ ጂብሊ ሙዚየም እንግባ አለች፤ የታወቁት የጃፓን የካርቱን ፊልሞች ቤት ነው፣ የመናፈሻው ሌላ ጫፍ ላይ። ቲኬቱ ግን በር ላይ አይሸጥም፤ አስቀድሞ መያዝ አለበት። የልጅ ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ አያቶች ይህን አትርሱ፤ እኛ ረስተን ለግማሽ ሰዓት አኩርፋብናለች።

ወንዙን ሙሉውን በእግር አልተከተልነውም፤ ጉልበቴ አይፈቅድም። አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። የሠፈር ቤቶች ጓሮ ለጓሮ ነው የሚያልፈው፤ የታጠበ ልብስ፣ የአበባ ማሰሮ፣ ብስክሌት። ከዚያ ወደ ጣቢያ ተመልሰን ቢጫውን ባቡር ያዝን። ኮኤንጂ የሚባለው ሠፈር ስንደርስ ልጄ በመስኮት አሳየኝ። ዮሺዳ ታኩሮ በዚህ ጣቢያ ስም የሰየመው ዘፈን አለው።

የነገሩ መዞሪያ እሱ ነው። ታኩሮ ከሂሮሺማ የመጣ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ናካትሱጋዋ በሚባል ተራራማ ቦታ ላይ በተደረገው የፎልክ ፌስቲቫል ትንሹ መድረክ ላይ አንዱን ዘፈን እየደጋገመ ሕዝቡን ጉድ አሰኘ። በዚያው ሌሊት ትልቁን መድረክ ተቃዋሚዎች ወጥተውበት ፌስቲቫሉ በክርክር ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲያም አልተደገመም። በዓመቱ ታኩሮ "እንጋባ" የሚል ርዕስ ያለው ዘፈን አወጣ። ጸጉሩ አድጎ የልጅቱን ሲያክል እንደሚያገባት የሚናገር፣ ቀላል፣ ፈካ ያለ ዜማ ነው። አገር ምድሩ ዘፈነው። የፎልክ ወዳጆች ግን ተቆጡ። መድረክ ሲወጣ "ሂድ ወደ ቤትህ!" እያሉ ይጮኹበት ነበር። ለነሱ ከዳተኛ ነው፤ ለገንዘብ የተሸጠ፣ ስለ ሠርግ የሚዘፍን።

ይህን ሲነግረኝ መስኮቱን አየሁ። ከጮኹት ወገን ነበርኩና።

"ለምን ለሰለሱ?" ብዬ ጠየቅሁት። የጠየቅሁት ስለ ጃፓኖቹ ነው።

ልጄ ብዙ አላብራራም። በ1971 መጨረሻና በ1972 መጀመሪያ በነበረው ክረምት የሆነውን ብቻ ነገረኝ። አንድ የታጠቀ የተማሪዎች ቡድን ተራራ ላይ መሽጎ እርስ በርስ "ራስህን ገምግም" እየተባባለ 12 የራሱን አባላት ገደለ። የተረፉት ጥቂቶች አንድ የእንግዳ ማረፊያ ይዘው ከፖሊስ ሲታኮሱ አገሩ በቴሌቪዥን አየ። ሬሳዎቹ ሲወጡ አደባባይ ወጥቶ የነበረው ወጣት ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ሰው ለመጮህ አፍ አጣ።

ባቡሩ ውስጥ ማንም አያወራም፤ እዚያ አገር ልማድ ነው። እኔም አላወራሁም። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቃላችሁ። ከእኔ ጋር ከዘመሩት ስንቶቹ በማን እጅ እንደ ቀሩ ለልጄ ነግሬው አላውቅም። ዝም ብዬ ጊታሩን ሸጥኩ እንጂ።

ሂጋሺ ናካኖ ወርደን ጥቂት እንደ ሄድን ወንዙን እንደገና አገኘነው። አላወቅኩትም። ጠዋት የተዘለለው ውኃ ግራና ቀኝ በረጅም የኮንክሪት ግድግዳ ታጥሮ ታች፣ ጥልቅ ውስጥ ይሄዳል፤ ሁለት ዳክዬዎች ይዋኙበታል። ዳሩን የቼሪ ዛፎች ይዘውታል፣ ቅጠላቸው ረግፏል። ድልድዩ አጠገብ አንድ የድንጋይ መታሰቢያ አለ፤ የቆመው ለዘፈን ነው። "ካንዳጋዋ"፣ የካንዳ ወንዝ ማለት ነው፤ ካጉያሂሜ የተባሉ ሦስት ወጣቶች እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1973 ያወጡት። ዜማው የሚናሚ ኮሴትሱ፣ ግጥሙ የኪታጆ ማኮቶ ነው። ገጣሚው በዚሁ ወንዝ አጠገብ ያለው የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

ዘፋኞቹ ወንዶች ናቸው፤ የምትናገረው ግን ሴት ናት፤ ከዓመታት በኋላ ታስታውሳለች። ከወጣቱ ጋር በአንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር። ክፍሏ ሦስት ታታሚ ናት። ታታሚ ወለል ላይ የሚነጠፍ የሣር ምንጣፍ ነው፤ አንዱ አንድ ሰው የሚያስተኛ ነው። ሦስት ታታሚ እንግዲህ አምስት ካሬ ሜትር አይሞላም። መታጠቢያ ስለሌላቸው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ይሄዳሉ፤ ወንድና ሴት በየራሳቸው በር ገብተው ሲወጡ እሷ ሁልጊዜ ውጭ በብርድ ትጠብቃለች። እሱ ሥዕሏን ይሥላል፤ አይመስላትም። በቃ ዘፈኑ ይኸው ነው። አንድም መፈክር የለበትም። በዚያ ዓመት ጃፓን ውስጥ ያልዘፈነው አልነበረም። ሥዕሉ የተሣለበት ቀለም የፋብሪካ ስም ስለተጠራ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ለዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት ቃሉን ለውጡ ቢላቸው እምቢ ብለው ሳይቀርቡ ቀሩ ይባላል። ከባዱ ትግል እዚህ ደረሰ ብዬ ሳቅሁ። ልጄም ሳቀ።

በዚያው ሰሞን ኢኖዌ ዮሱይ የሚባል የጥርስ ሐኪም ልጅ ስለ ጃንጥላ የዘፈነው ደግሞ አለ። ጋዜጣው ስለ ወጣቶች ሞት፣ ቴሌቪዥኑ ስለ አገር የወደፊት ዕጣ ያወራል፤ ዘፋኙን ግን ያስጨነቀው ዝናቡ ነው፤ ወዳጁ ጋ ሊሄድ ጃንጥላ የለውም። በ1972 የወጣ ነው። ለአንዳንዱ የራስ ወዳድ ዘፈን፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ራስ ወዳድነቱን ራሱ የሚያጋልጥ ሰው ዘፈን ነው። እኔ ሁለተኛውን አመንኩ፤ ዜማው ተድላ ውስጥ ያለ ሰው ዜማ አይደለም። በ1973 መጨረሻ የወጣው የዮሱይ ሌላ አልበም ጃፓን ውስጥ ሚሊዮን የተሸጠ የመጀመሪያው ሸክላ ሆነ። እንግዲህ ገንዘቡም መጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ1975 ዮሱይና ታኩሮ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር የራሳቸውን የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ።

አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ዳክዬዎቹን ታያለች። ልጄ ወደ ወንዙ እያየ "ጊታሩ የት እንደ ነበር አውቅ ነበር" አለኝ።

ምን እንደምል ጠፋኝ።

"ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም አየው ነበር።"

እውነቱን ነው። የሸጥኩት ለሠፈሩ ፎቶ ቤት ነው። ያን ጊዜ ሰው ለፎቶ ሲቆም የሚይዘው ነገር ይፈልግ ነበር፤ ስልክ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ጊታር። ልጄ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ አላሰብኩም።

"ታዲያ አንድ ቀን ገባሁ፤ ከፍዬ ይዤው ፎቶ ተነሣሁ።"

"ፎቶው የታለ?"

"እማዬ ጋ። ሣጥኗ ውስጥ።"

ከባለቤቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዓመት ነው የኖርኩት! "ይቅር በለኝ" ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን "ቆዳህን አትግፈፍ፣ ብርድ ነው፤ ኮትህን ዝጋ" ነው። ኮቱን ዘጋ።

ከዚያ ወደ ኦቻኖሚዙ በባቡር ሄድን። በመንገድ ላይ ልጅቷ አንድ ነገር ታዜም ነበር። አባቷ ሰማትና "የሱን ባለቤት ታውቂያታለሽ?" አላት። "የጠንቋይዋ ልጅ ፊልም ነው" አለች። በእርግጥም በመጥረጊያ ላይ ስለምትበር ልጅ በ1989 የተሠራ ካርቱን ውስጥ አለ። የዘፈኑ ባለቤት ግን አራይ ዩሚ ናት፤ ኋላ ማትሱቶያ ዩሚ የተባለችው። ከዚሁ የባቡር መስመር ምዕራብ ጫፍ ከሃቺዮጂ የኪሞኖ ነጋዴ ልጅ ናት። የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣችው "ካንዳጋዋ" በወጣ በሁለት ወሩ ነው። ሁለቱን አከታትሎ ያሰማኝ ጊዜ ልዩነቱ ለእንደኔ ያለው ጆሮ እንኳ ግልጽ ነው። የሷ ፒያኖ ነው፤ ኮርዱ ይንሳፈፋል፤ ክፍሏ ሰፊ ነች፣ መስኮት አላት፣ ሰማይ ይታያል። የነዚያን የድህነት ዘፈኖች ሰው "አራት ታታሚ ተኩል ፎልክ" እያለ ይቀልድባቸው ጀመር። የሷ ዓይነቱ "አዲስ ሙዚቃ" ተባለ።

ከሷ ጋር የተጫወቱት ደግሞ ኦካባያሺን አጅበው ከነበሩት አሉበት። ሃፒ ኤንድ የሚባል ባንድ ነበር፤ ከአባላቱ ሆሶኖ ሃሩኦሚ የዩሚን አልበም ተጫውቷል። ከበሮ መቺውና ገጣሚው ማትሱሞቶ ታካሺ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው አልበማቸው ያነሣው ለ1964ቱ ኦሎምፒክ መንገድ ሲሰፋ የጠፋችውን የልጅነት ከተማውን ነው። እኔ ከሬዲዮ ሥር ሆኜ ስጨፍር ቶኪዮ ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሠፈሩ ፈርሶበት ነበር። ይህን ሳስብ ቆየሁ። ማትሱሞቶ ኋላ ለወጣት ሴት ዘፋኞች የፍቅር ግጥም ጻፈ፤ ጓደኛው ኦታኪ ኤይቺ በ1981 የባሕር ዳርና የዕረፍት ዜማ አወጣ፤ ዛሬ የዓለም ወጣት ሲቲ ፖፕ እያለ በስልኩ የሚሰማው ለስላሳ ሙዚቃ ከዚህ ነው የመጣው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ዩሚ በ1975 ባንባን ለሚባሉ የፎልክ ዘፋኞች አንድ ዘፈን ጻፈችላቸው። ስለ ተማሪ አመፅ የሚያሳይ የአሜሪካ ፊልም ከወዳጁ ጋር ያየ ወጣት ነው፤ ረጅም ጸጉር ነበረው፤ ሥራ ሲያገኝ ተቆረጠው፤ ወጣትነታችን አለፈ እያለ ለልጅቱ ሰበብ ይሰጣል። ታኩሮ ጸጉሩ እስኪያድግ ሲጠብቅ የነበረው በ1972 ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ተቆረጠ። ይህን የጻፈችው አመፁ ሲደረግ ገና ታዳጊ የነበረች ልጅ ናት፤ የታላላቆቿን ኀፍረት ከራሳቸው ይልቅ አወቀችው።

ኦቻኖሚዙ ላይ ወንዙ ሰፍቶ፣ አረንጓዴ ሆኖ በሸለቆ ያልፋል፤ ባቡሮች ከላይም ከጎንም ይተላለፉበታል። ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ ኒኮላይ ዶ የሚባለው የኦርቶዶክስ ካቴድራል ጉልላት ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1891 የተጠናቀቀ ነው፤ ባርኔጣዬን አንሥቼ ተሳለምኩ። ከዚያ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ግራና ቀኙ የጊታር ሱቅ ነው። መርካቶ ሸማ ተራ እንደሚባለው የጊታር ተራ በሉት። መቶ ምናምን ጊታር እንደ ሥጋ ተሰቅሏል።

ልጄ አንዱን ከመስቀያው አስወርዶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ "ካንዳጋዋን" በቀስታ ነካካ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሌላ ዜማ ዞረ። ወዲያው አወቅኩት። ትዝታ ነበር፤ ማይነሩ፣ የሚያባባው። ሻጩ፣ ጸጉሩ የሸበተ የእኔ እኩያ፣ ከባንኮው ኋላ ጠጋ ብሎ አዳመጠና "ኤንካ?" አለ። ኤንካ የነሱ የሽማግሌዎች የሐዘን ዘፈን ነው።

ልጄ በጃፓንኛ መለሰለት፤ ለእኔም በአማርኛ ተረጎመልኝ። የኤንካ ቅኝት አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ትቶ በአምስት የሚሄድ ነው፤ አምስቱን ብትቆጥሯቸው የእኛ ትዝታ ናቸው፤ ሜጀሩም ማይነሩም። አምባሰልም እንደዚሁ ከጥንት የኮቶና የሻሚሰን ቅኝታቸው አንዱ ነው። እነ ዩሚ ያደረጉት የተተዉትን ሁለቱን ድምፆች መመለስ ነው፤ ዜማው የለሰለሰው አንድም በዚህ ነው።

"እንግዛው" አልኩት። ዋጋውንም አላየሁም።

"የአፓርታማው ግድግዳ ስስ ነው አባዬ፤ ጎረቤት ይሰማል።"

"ቀስ ብለህ ምታዋ።"

ሳቀ። አልገዛነውም። ልጅቷ ግን ጊታር መምቻ ፕላስቲክ ፈልጋ አንድ ቀይ ገዛንላት፤ እስከ ቤት አፏ ውስጥ ስትከት አባቷ ሲያወጣ ደረስን።

አዲስ አበባ በተመለስኩ ማግስት ባለቤቴን ፎቶውን ጠየቅኋት። ማን ነገረህ እንኳ ሳትል ሣጥኑን ከፍታ ሰጠችኝ። ከኋላው የተሣለ ፏፏቴ አለ። ልጄ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ለብሷል። ከጊታሩ ክሮች ሁለቱ ተበጥሰዋል፤ ለፎቶ ስለሆነ ማንም አልቀየራቸውም። ሌላው ሰው ሁሉ እንደ ጠመንጃ ነበር የሚይዘው። እሱ ግን የግራ እጁ ጣቶች በየቦታቸው ላይ ናቸው።